ኮሚሽኑን የወሰደ ኃላፊነቱንም ይውሰድ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቢዝነስ ገጻችሁን ሳላነብ የማላልፍ አንባቢ ነኝ። ስለ ትንንሽ ድርጅቶች ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የምታነሱት ብድርን፣ ግብርን፣ ደንበኛ ማግኘትን ነው። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ግን በየቀኑ የሚሠራ፣ ሆኖም ማንም ቁጭ ብሎ የማይነጋገርበት አንድ ነገር አለ። እሱን ላንሳ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቷ ብቻውን ወይም ከአንድ ሁለት ሰው ጋር የሚሠራባት ትንሽ ድርጅት አለች እንበል። ለአንድ ትልቅ ደንበኛ አገልግሎት ትሰጣለች። ሶፍትዌር ይሁን፣ ዲዛይን፣ ምህንድስና ወይም ትርጉም፣ ለዚህ ጉዳይ ልዩነት የለውም። ሥራው ጥሩ ሄደ። አንድ ቀን የደንበኛው ሥራ አስኪያጅ «እንዳንተ ያለ ሌላ ሰው አታውቅም?» ይላል። ታውቃለህ። የምታውቀው ሰው ጎበዝ ነው፣ ሥራም ይፈልጋል። ስሙን ትሰጣለህ። ከዚያ የግዢ ክፍሉ ይመጣና «አዲስ አቅራቢ ማስመዝገብ ጊዜ ይፈጃል፣ አንተ ግን ተመዝግበሃል፣ ለምን በአንተ ድርጅት በኩል አናስገባውም? አንተም ትንሽ ነገር ጨምርበት» ይላል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ደንበኛው ሰው አገኘ፣ ባለሙያው ሥራ አገኘ፣ አንተም ሳትሠራበት ገቢ አገኘህ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ነገር እንደ ውለታ ነው የሚያየው። «ወረቀቱ በእኔ በኩል ይለፍ እንጂ ሥራው የእነሱ ነው» ይላል። አይደለም። ወረቀቱ በአንተ በኩል ካለፈ ሥራው የአንተ ነው። ደንበኛው ከባለሙያው ጋር ውል የለውም፣ ባለሙያውም ከደንበኛው ጋር ውል የለውም። ያሉት ሁለት ውሎች ናቸው። አንዱ በአንተና በደንበኛው መካከል፣ ሌላው በአንተና በባለሙያው መካከል፤ ሁለቱም ላይ የፈረምከው አንተ ነህ። ሥራው ሲበላሽ ደንበኛው የሚጠይቀው አንተን ነው። ክፍያ ሲዘገይ ባለሙያው የሚጠይቀው አንተን ነው። እነሱ በየቀኑ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አብረው ይሠራሉ፣ የተጣሉ ዕለት ግን ሁለቱም ወደ አንተ ነው የሚዞሩት።

እኔ የምለው ይህን ነው። መሃል ገብተህ ኮሚሽን የምትወስድ ከሆነ የመሃሉንም ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ውሰድ። ኃላፊነቱን ካልፈለግክ ሰዎቹን አገናኝና ገለል በል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ገንዘቡ ሲመጣ «ድርጅቴ ነው ያቀረበው»፣ ችግር ሲመጣ «እኔ እኮ ያስተዋወቅኩት ብቻ ነኝ» ማለት የሰው እንጀራ ላይ መቀለድ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። የገንዘቡ ዓይነት ለውጥ አያመጣም፣ ዝም ብላችሁ ስሌቱን ተከተሉ። ባለሙያው በቀን 100 ይፈልጋል። አንተ ደንበኛውን በቀን 115 ታስከፍላለህ። በወር 20 የሥራ ቀን ብንል ለእሱ 2,000 ትከፍላለህ፣ ከደንበኛው 2,300 ትቀበላለህ፣ 300 ለአንተ ይቀራል። ሲታይ ያጓጓል። አሁን የክፍያ ቀኑን ጨምሩበት። ደንበኛው የሚከፍለው ኢንቮይስ በገባ በ60 ቀን ነው እንበል፤ ከትልልቅ ደንበኞች ጋር የሠራ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ባለሙያው ደግሞ የሚያስተዳድረው ቤት አለው፣ በ30 ቀን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ወር ኢንቮይስ በወሩ መጨረሻ ይገባል፣ ገንዘቡ የሚመጣው ግን በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ አንተ ለባለሙያው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ወር ከፍለሃል፤ 4,000 ከካዝናህ ወጥቷል። የሦስተኛውን ወርም ሠርቶ ጨርሷል፣ ሌላ 2,000 ዕዳ አለብህ። ደንበኛው በዚያ ቀን ባይከፍልስ? ቢከስርስ? 6,000 አንተ ላይ ወደቀ ማለት ነው። በወር 300 እያገኘህ ያንን ለመመለስ 20 ወር አንድም ቀን ሳይደናቀፍ መሥራት አለበት። «ሳልሠራበት ያገኘሁት» ያልከው ገንዘብ የዚህ ሁሉ ስጋት ዋጋ ነው። ለእኔ እንዲያውም ርካሽ ዋጋ ነው።

ግብሩም አለ። ከዚህ ሥራ የሚቀርህ 300 ነው፣ መዝገብህ ላይ የሚገባው ሽያጭ ግን 2,300 ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ባለባቸው ብዙ አገሮች የመመዝገብ ግዴታ የሚመጣው በትርፍ ሳይሆን በዓመት ሽያጭ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በድርጅትህ በኩል ስላሳለፍክ ብቻ ከመመዝገቢያው ጣሪያ በላይ ልትወጣ ትችላለህ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አለ። ታክሱ በብዙ ቦታ የሚታሰበው ገንዘቡ እጅህ ሲገባ ሳይሆን ደረሰኙ ሲቆረጥ ነው። ደንበኛው 60 ቀን ሲያስጠብቅህ ግብር ሰብሳቢው አይጠብቅህም። ለራስህ ሥራ ብቻ ሲሆን ይህ ይቻላል፤ የሌላ ሰው ደመወዝ ሲጨመርበት ግን ድርጅትህ ባንክ ሆነች ማለት ነው። የሂሳብ ባለሙያህን ከመፈረምህ በፊት ጠይቀው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። እኔ ይህን ጉዳይ ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። ዛሬ ትንሽ ድርጅት አለኝ። ከዚያ በፊት ግን በሌላ ሰው ድርጅት በኩል ለደንበኛ የቀረብኩ ባለሙያ ነበርኩ። ሰውየው የማውቀው ሰው ነው፣ ውላችን አንድ ገጽ ነበር፣ ክፍያን በሚመለከት ያለው «ደንበኛው ሲከፍል ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ነው። ሥራው ጥሩ ነበር። ገንዘቡ ግን መዘግየት ጀመረ። በደወልኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፣ «ትንሽ ታገሠኝ፣ ደንበኛው አልለቀቀም።» ታገሥኩ። ከዚያ አንድ ቀን የደንበኛው ሂሳብ ክፍል ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ቆሜ፣ እግረ መንገዴን የእኛ ክፍያ ለምን እንደዘገየ ጠየቅኩ። ሴትየዋ ግራ ገባት። ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችልኝ። የተከፈለበት ቀን ተጽፏል፣ ኢንቮይሶቹ ሁሉ «ተከፍሏል» ይላሉ። «እኛ እኮ ለእናንተ ከፍለናል» አለችኝ። ለእናንተ ነው ያለችው። ለእሷ እኔና እሱ አንድ ነን። ገንዘቤ በዚያ ሰው ድርጅት ውስጥ የሌላ ጉድጓድ እየደፈነ ነበር።

«ደንበኛው ሲከፍል ይከፈላል» የምትለውን ሐረግ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልወዳትም። ባለሙያው ደንበኛውን አልመረጠውም፣ የክፍያ ቀኑን አልተደራደረም፣ ኢንቮይሱ መግባቱን እንኳ አያይም። እንዴት ነው የማያየውን ስጋት የሚሸከመው? ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በብሪታንያ የ1996ቱ የግንባታ ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በግንባታ ውሎች ላይ «እኔ ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚል አንቀጽ፣ ከላይ ያለው ከፋይ ካልከሰረ በቀር ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። እዚያው አገር የ2003ቱ የሠራተኛ አቅራቢዎች ደንብ ደግሞ ሰው የሚያቀርብ ድርጅት «ደንበኛው አልከፈለኝም» ብሎ የሠራተኛውን ክፍያ መያዝ እንደማይችል ይናገራል። የራሱ ኩባንያ ያለው ባለሙያ ከደንቡ ልውጣ ብሎ መስማማት ይችላል፤ ግን መነሻው ጥበቃ ነው፣ መውጣት የሚፈልግ ፈርሞ ነው የሚወጣው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው የዘገየ ክፍያ መመሪያ ድርጅት ለድርጅት ሲከፍል ከ60 ቀን እንዳያልፍ፣ ካለፈ በግልጽ ስምምነትና ያለ ከባድ በደል ብቻ እንዲሆን አስቀምጧል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን መደበኛው 30 ቀን ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የፍሪላንሰሮች (ሳይቀጠሩ በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች) ሕግ፣ ውሉ የክፍያ ቀን ካልጠቀሰ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል ግዴታ ነው። እነዚህ ሕጎች ሌላ ቦታ ላይሠሩ ይችላሉ። ግን በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች ያዩትን ችግር ያሳያሉ፤ ከታች ያለው ባለሙያ የላይኞቹን ዕዳ መሸከም የለበትም።

ስለዚህ ዛሬ እኔ ሰው ሳቀርብ የክፍያ ቀኑን በቁርጥ ቀን ነው የምጽፈው። ደንበኛው ከፈለም አልከፈለም። ይህን ለማድረግ አቅም ሊኖር ይገባል። የሁለት ወይም የሦስት ወር የባለሙያውን ክፍያ መሸፈን የማትችል ከሆነ ሰው ለማቅረብ ገና አልደረስክም። ይህን ስል ይከፋቸው ይሆናል የሚባሉ ጓደኞች አሉኝ፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። አማራጭም አለ። ከደንበኛው ጋር ቁጭ ብለህ «ለዚህ ሰው ክፍያውን በ14 ወይም በ30 ቀን አድርጉልኝ» ማለት ይቻላል። ሰው አጥቶ የተጨነቀ ደንበኛ ካሰብከው በላይ ይሰማል። መጠየቅ ያለበት ግን ሰውየው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ማንም አይሰማህም።

ሌላው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች የሚጎዱት እዚህ ጋ ነው። ደንበኛው ከአንተ ጋር ባለው ውል በአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይችላል። አንተ ደግሞ ለባለሙያው፣ ደህና ሰው መስለህ ለመታየት፣ የአራት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥተሃል። ደንበኛው ዛሬ «በቃ» ቢል ሦስቱን ሳምንት ማን ይከፍላል? አንተ። ሁለቱ ውሎች ልክ ለልክ መገጣጠም አለባቸው። የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የሥራ ሰዓት ማረጋገጫ፣ ሥራ ሲበላሽ በራስ ወጪ የማስተካከል ግዴታ፣ የምስጢር ጥበቃ፣ ለጉዳት የሚከፈለው ከፍተኛ መጠን፣ ለደንበኛው ቃል የገባኸው ሁሉ ከባለሙያው ጋር ባለህ ውል ውስጥም መኖር አለበት። አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ከሌለ ልዩነቱን የምትሞላው አንተ ነህ። ክፍያው ብቻ ነው ከዚህ የተለየው፤ እሱን ከላይ ብዬዋለሁ።

የሰዓት ማረጋገጫ ስል ዋዛ አይምሰላችሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ የሠራባቸው ቀኖች የተጻፉበት ወረቀት ወይም ኢሜይል፣ የደንበኛው ኃላፊ «አረጋግጫለሁ» ያለበት፣ ይበቃል። አንድ መስመር ነው። እሱ ከሌለ ከሦስት ወር በኋላ «ያን ሳምንት እኮ አልነበረም» ሲሉህ ምን ይዘህ ትከራከራለህ? አንተ እዚያ አልነበርክም። የሁለት ሰዎች ቃል መሃል ላይ ነው የምትቆመው።

የሥራው ባለቤትነትም ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ ነው። አንተ ለደንበኛው «የሚሠራው ሁሉ የእናንተ ነው» ብለህ ፈርመሃል። ጥሩ። ግን ኮዱን የጻፈው ወይም ሥዕሉን የሣለው አንተ አይደለህም። ተቀጣሪ ያልሆነ ባለሙያ የሠራው ነገር፣ በጽሑፍ ካላስተላለፈው በቀር፣ በብዙ አገር የቅጂ መብቱ የራሱ ሆኖ ይቀራል። ገንዘብ መክፈል ብቻውን መብቱን አያሻግርም። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ዓይነት ጉዳይ ላይ ፈርዷል። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አንድን ቀራፂ ሐውልት አሠርቶ፣ ከፍሎ፣ በኋላ መብቱ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ፍርድ ቤቱ ቀራፂው ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ነው፣ ስለዚህ ሐውልቱ እንደ ተቀጣሪ ሥራ ተቆጥሮ ወዲያውኑ የአሠሪው አይሆንም አለ። እንግዲህ አስበው። ከባለሙያው በጽሑፍ ካልተቀበልክ ለደንበኛው የሸጥከው የራስህ ያልሆነ ነገር ነው። መፍትሔው አንድ አንቀጽ ነው። ግን ሰውየው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተፈረመ አንቀጽ መሆን አለበት፤ ተጣልታችሁ ከተለያያችሁ በኋላ ፊርማ መለመን ሌላ ጣጣ ነው።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል። ይህ ሰው በእርግጥ ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው? ወይስ የደንበኛው ሠራተኛ ነው፣ በአንተ በኩል የሚከፈለው? ሲገባ ሲወጣ የሚቆጣጠረው የደንበኛው አለቃ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ የደንበኛው ከሆነ፣ ፈቃድ የሚጠይቀው ደንበኛውን ከሆነ፣ በእሱ ምትክ ሌላ ሰው መላክ ካልቻልክ፣ ውሉ ላይ «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ብለህ ብትጽፍም ሕግ ከወረቀቱ ይልቅ ውሎውን ነው የሚያየው። ብሪታንያ በዚህ ላይ ከ2000 ጀምሮ ሕግ አላት። በ2017 ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በ2021 ደግሞ ለመካከለኛና ትልልቅ የግል ድርጅቶች አጠበቀችው። እዚያ ባለሙያው በራሱ ኩባንያ በኩል ሲሠራና ውሎው የተቀጣሪ ነው ተብሎ ሲወሰን፣ ግብሩን ቆርጦ የሚከፍለው በሰንሰለቱ ላይ ከባለሙያው ኩባንያ ቀጥሎ ያለው ከፋይ ነው። በእኛ ምሳሌ ያ ማን ነው? አንተ፣ በወር 300 የምታገኘው። ካሊፎርኒያ ከጥር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ደግሞ ሰውየው ተቀጣሪ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ጀርመን ሠራተኛን ለሌላ ድርጅት አሳልፎ ማሠራት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ያደረገችው ከ1972 ጀምሮ ነው፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ደንበኛ ዘንድ በመርህ ደረጃ ከ18 ወር በላይ እንዳይቆይ ገድባለች። «እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፣ ሠራተኛ አቅራቢ አይደለሁም» ብለህ ትከራከር ይሆናል። የምትሠራው ሶፍትዌር ከሆነ ሶፍትዌሩን ሽጥ። ሥራውን ተረከብ፣ ዋጋ ቁረጥ፣ ባለሙያውን አንተ ምራው፣ ውጤቱን አንተ አስረክብ። የሰው ቀን ብቻ እየቆጠርክ የምታስከፍል ከሆነ ግን የምትሸጠው ሰው ነው፣ በምትሠራበት አገር ለዚያ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አጣራ።

ኢንሹራንስን በአጭሩ ልለፈው። የሙያ ስህተትን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ካለህ አንብበው፤ አንተ ያሰማራኸውን ንዑስ ተቋራጭ፣ ማለትም በአንተ ሥር ውል ይዞ የሚሠራውን ባለሙያ፣ ስህተት የማይሸፍን ሊሆን ይችላል። አንድ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ግን በጽሑፍ ተቀበል።

ራስህ የፈረምከውን ውልም ደግመህ አንብብ። ብዙ የአገልግሎት ውሎች «ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ሥራውን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይቻልም» ይላሉ። የግዢ ክፍሉ ሰው ወይም ሥራ አስኪያጁ በቃል «ችግር የለም» ስላለህ አንቀጹ አይጠፋም። በቃል የፈቀደው ሰው ነገ ሊቀየር ይችላል። አንተ ራስህ ወደ ደንበኛው የገባኸው በሌላ ኤጀንሲ በኩል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከኤጀንሲው ጋር ያለህ ውል ለዚያ ደንበኛ በቀጥታ አገልግሎት እንዳትሸጥ ሊከለክልህ ይችላል። ሰው ማቅረብም አገልግሎት መሸጥ ነው።

ስለ ኮሚሽኑ ግልጽነት የኔ አቋም ብዙ ሰው የማይስማማበት ነው፤ ቢሆንም እናገራለሁ። ባለሙያው ደንበኛው ስንት እንደሚከፍል ማወቅ አለበት። «የንግድ ምስጢር ነው» የሚሉ አሉ። ምስጢሩ ዕድሜ የለውም። ሁለቱ አብረው ነው የሚውሉት፤ አንድ ቀን ሻይ ላይ ይነሣል። ያን ቀን ልዩነቱ 15 ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ የተደበቀ ስለነበር ብቻ ሌብነት ይመስላል። አስቀድመህ «ደንበኛው 115 ይከፍላል፣ ለአንተ 100 ነው፣ 15ቱ በ30 ቀን ልክ እንድከፍልህ፣ ግብሩንና ኢንሹራንሱን እንድይዝ፣ ደንበኛው ቢከስር ኪሳራው የእኔ እንዲሆን ነው» ብትለው ግን ማንም ጤነኛ ሰው አይቀየምም። እኔ ባቀረበኝ ሰው ላይ ያዘንኩት በኮሚሽኑ አይደለም። ምን እንደሚሠራበት ስላላየሁ ነው። ኮሚሽኑም የሚመጣው ከማን ነው የሚለው ለውጥ አለው። ዋጋውን የሚሸከመው ደንበኛው መሆን አለበት፤ ባለሙያው የጠየቀውን 100 ወደ 85 አውርዶ ልዩነቱን መውሰድ ሌላ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1997 ባወጣው ቁጥር 181 ስምምነት የግል ሠራተኛና ሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይወስዱ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ስምምነቱ ስለ ሠራተኞች ነው፣ የራሱ ድርጅት ያለውን ባለሙያ በቀጥታ ላይመለከት ይችላል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

ባለሙያው በኋላ ከደንበኛው ጋር በቀጥታ ቢሠራስ? ይህ የሁሉም ፍርሃት ነው። በፍርሃት ተነሥተው «ለሁለት ዓመት ከዚህ ደንበኛ ጋር እንዳትሠራ» ብለው የሚያስፈርሙ አሉ። እንዲህ ያለ አንቀጽ አንዳንድ አገር ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ቢቆምም በአንድ ስም ጥቆማ የሰውን ዳቦ ሁለት ዓመት ማሰር አግባብ አይመስለኝም። ቅድም የጠቀስኩት የብሪታንያ ደንብ አቅራቢው ደንበኛውን «ሰውየውን በቀጥታ ስለወሰድክ ክፈል» ማለት የሚችልበትን ጊዜ ሥራው ካለቀ 8 ሳምንት ወይም ከተጀመረ 14 ሳምንት፣ ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያልቀው፣ ብሎ ወስኗል። ሳምንታት ነው እንጂ ዓመታት አይደለም። እኔም ጥቂት ወር ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሰውየው አንተን ትቶ ደንበኛውን ከመረጠ፣ መሃል ላይ ምን እየጨመርክ እንደነበር ራስህን ብትጠይቅ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ታዲያ ተወው» ሊል ይችላል። አልልም። ሰው ማቅረብ ድርጅት የሚያድግበት መንገድ ነው፣ ጎበዝ ባለሙያም ትልቅ ደንበኛ ጋ የሚደርስበት በር ነው። ግን ለሁሉም አይሆንም። ለብዙው ትንሽ ድርጅት የሚሻለው ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሁለቱን አገናኝ፣ ደንበኛውን «ላስተዋወቅኩበት ይህን ያህል፣ አንድ ጊዜ ብቻ» በለው፣ በጽሑፍ አድርገው፣ ከዚያ ወደ ራስህ ሥራ ተመለስ። አዲስ አቅራቢ መመዝገብ ጊዜ ይፈጃል ማለት የደንበኛው የቤት ሥራ ነው። ግዢ ክፍሉ ፎርም መሙላት ስለሰለቸው አንተ የ6,000 ስጋት የምትሸከምበት ምክንያት የለም። ካልሆነም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ብቻ በአንተ በኩል ይሁን፣ እስከዚያ ያስመዝግቡት፣ ከዚያ ውሉ በቀጥታ ወደ እነሱ ይዙር ብሎ መስማማት ይቻላል። እኔ እንዲህ አድርጌ አይቻለሁ፣ ማንም አልተጎዳም።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የውል ሕግ የሚያውቅ ጠበቃና አንድ የሂሳብ ባለሙያ ጠይቃችሁ ለንዑስ ተቋራጭነት የሚሆን የውል ናሙና ገጻችሁ ላይ አውጡ። ረጅም አይሁን። የክፍያ ቀን፣ ማስጠንቀቂያ፣ የሥራው ባለቤትነት፣ የሰዓት ማረጋገጫ፣ ኢንሹራንስ ያለበት ሁለት ገጽ ይበቃል። ጋዜጣው ላይ ቆርጦ የሚያስቀምጠው ብዙ ሰው ነው። ከቻላችሁም በሌላ ሰው ድርጅት በኩል ሠርተው ክፍያቸው የቀረባቸው ባለሙያዎች እንዲጽፉላችሁ ጋብዙ። የሚጽፉት ብዙ እንደሚሆኑ እርግጠኛ ነኝ፤ እስካሁን ዝም ያሉት የሚያቀርባቸው ሰው ብዙ ጊዜ ጓደኛቸው ስለሆነ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ትንሽ ድርጅት ባለቤት